ለዕጢዬ የተላኩ ሽማግሌዎች

«አፍሽ ነው ያመጣብሽ» አሉኝ ፊት ለፊቴ፤ የያዙትን ብርቱካን ገና ከእጃቸው ሳያስቀምጡ።

ሊጠይቁኝ የመጡት የዕድራችን ትልቁ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከቀኝ ጆሮዬ ሥር እስከ አንገቴ በፋሻ ተጠቅልዬ ሶፋ ላይ ተጋድሜያለሁ። የወጣልኝ ዕጢ ምራቅ የሚመነጭበት ቦታ ላይ የበቀለ መሆኑን አባቴ በር ላይ ሹክ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከበሩ እስከ ሶፋው ባለችው መንገድ ምርመራውን ጨርሰው ገቡ። ምራቅ ያለው አፍ ውስጥ ነው። የእኔ አፍ ደግሞ ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ የታወቀ ነው። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ላቦራቶሪ ያስፈልጋል?

«በአፍ ቢሆን ኖሮ አባባ፣ ከእርስዎ ነበር የሚጀምረው» አልኳቸው።

ብርቱካኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወደ አባቴ ዞሩ። «ይኸው! ቆርጠውላትም አልቀነሰላትም!» አሉና ከልባቸው ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። አባቴ ያን ሰሞን ሰው እያየውም መሳቅ ትቶ ነበር።

ነገሩ ሲጀምር ሽምብራ የምታህል እብጠት ነበረች። ጆሮ ደግፍ ነው ተባለ፤ በሻርፕ ታሰርኩ። ጥርስ ነው ተባለ፤ ጥርሴ ተነቀለ፤ እብጠቷ ግን ከጥርሴ ጋር ምንም ጉዳይ እንዳልነበራት በዚያው ተረጋገጠ። እኔ የምሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ያለች ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ኮፒ አደርጋለሁ፣ እተይባለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ደንበኛ እቆጣለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን የተማርኩት የሰው ሲቪ ስተይብ ነው። አንዱ መጥቶ «በአመራር ሰፊ ልምድ ያለው ብለሽ ጻፊልኝ» ሲለኝ «ማንን መራህ?» ብዬ ጠይቄው ሄዷል፤ እስካሁን አልተመለሰም። ታዲያ እብጠቷ እያደገች ስትመጣ ደንበኞቼ ናቸው ሐኪም ቤት ያስኬዱኝ። ስቆጣቸው ፊቴን ሳይሆን እሷን ማየት ጀመሩ።

ዕጢው ወጣ፣ ተመረመረ፣ ካንሰር ነው ተባለ። እሱም ተራው ዓይነት አይደለም። የካንሰር ሐኪሟ ክሊኒኳ ከኮፒ ቤታችን ጀርባ ያለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወንበር ሰጥታኝ ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ መደነቅ ነበረበት። «ብርቅ ነው። እኔ ከተመረቅኩ ጀምሮ እንዲህ ያለው ብዙ አልገጠመኝም» አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርቅ ተባልኩ፤ እሱም በዚህ።

«አሁን ወጥቷል አይደል? ምን ቀረ ታዲያ?»

«ወጥቷል። ግን ከተቆረጠበት ጠርዝ ጋር በጣም ተጠግቶ ነው የተገኘው። ትንሽ ሳይቀር አልቀረም ብዬ እሰጋለሁ። ሁለት መንገድ አለን። አንዱ፣ ሳንነካው እየተከታተልን መጠበቅ። ሌላው፣ እንደገና ገብቶ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ፣ ከዚያ ጨረር። ችግሩ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያው ነው የሚያልፈው። እሱ ከተነካ ግማሽ ፊትሽ ላይታዘዝልሽ ይችላል።»

«በግማሽ ፊት እንዴት ነው የምቆጣው?»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አልቀለድኩም። እኔ ከፊቴ ሌላ መሣሪያ የለኝም።

«የትኛው እንደሚሻል በምን ይታወቃል?» አልኳት።

«ዕጢውን ራሱን እንጠይቀዋለን» አለችና ከጠረጴዛዋ ላይ ቀይና አረንጓዴ እስክሪብቶ አንስታ ጎን ለጎን አጣብቃ ያዘቻቸው። ከዕጢው የተቆረጠው ሥጋ በሰም ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሱ ላይ ትንሽ ተልጦ ውጭ አገር ይላካል፤ እዚያ አንዱን ጂን ይፈልጉና አንድ ጫፉን ቀይ፣ ሌላ ጫፉን አረንጓዴ ይቀቡታል። «ጂኑ ጤነኛ ከሆነ ቀለሞቹ እንዲህ እንደተጣበቁ ይታያሉ። ከተሰበረ ግን…» ብላ እስክሪብቶዎቹን ወዲያና ወዲህ አራራቀቻቸው። «ይለያያሉ። ያንቺ ዕጢ ውስጥ ተለያይተው ከተገኙ ጥሩ ነው። ለስላሳው ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ አይዛመትም። ተከታትለን እንተወዋለን። ካልተለያዩ ግን እፈራዋለሁ። ያኔ እንቆርጣለን።»

«መሰበሩ ነው ጥሩው?»

«እዚህ ላይ፣ አዎ።»

«ብዙ ጊዜ ነው ያሉኝ ወይስ ሁልጊዜ?»

«ብዙ ጊዜ። እንደ አየር ትንበያ ውሰጂው።»

«እንደዛ ከሆነማ ጃንጥላዬን ይዤ ልጠብቅ» አልኳትና ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ እስክሪብቶ እንኳ ይዤ አሳየሁት። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ አንድ ነገር መጠየቅ ከሚያስፈልገው ነገሩ ቢቀርበት ይመርጣል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ጭንቅ ሲመጣበት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ሽማግሌ ይልካል። ሌላው ሰው ሽማግሌ የሚልከው ለጋብቻ ወይ ለዕርቅ ነው። አባቴ ለሁሉም ይልካል። የጎረቤት ውሻ ሲነክሰኝ ለባለ ውሻው ሽማግሌ ላከ። እኔ ባለ ውሻውን ስሰድበው እነዚያኑ ሽማግሌዎች እንደገና ላከ። የሂሳብ አስተማሪዬን ክፍል ውስጥ «ተሳስተሃል» ብዬ ከትምህርት ቤት የተባረርኩ ጊዜም ለዳይሬክተሩ ላከ። አስተማሪው ተሳስቶ ነበር፤ ግን ማንም ስለሂሳቡ አላነሳም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ትልቁ፣ እኚህ ብርቱካን ያመጡልኝ፣ የድሮ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሁለተኛው ቄራ ቆዳ የሚነግዱ ሀጂ ናቸው። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ በየመሀሉ «በሳይንሱ» ማለት ይወዳሉ። ሥራቸውን የሚሠሩት በአፍ አይደለም፣ በእግር ነው። ይገባሉ፤ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ «እሺ ካላሉን አንቀመጥም» ይላሉ። አለቀ። እንግዲህ ሦስት አዛውንት ፊትህ አቁመህ አንተ ወንበር ላይ ተደላድለህ ተቀመጥ እስኪ። ዳይሬክተራችን ቁጡ ሰው ነበር፤ ከእረፍት ደወል እስከ መግቢያ ደወል እንኳ አልቻለም። እነዚህ ሰዎች ተሸንፈው አያውቁም።

በቀጠሮዬ ቀን ከኮፒ ቤት ወጥቼ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ብድግ ብላ «እነዚህ ያንቺ ናቸው?» አለችኝ። አባቴን አየሁት፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የእሳት ማጥፊያ እያነበበ ነው። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ወደ ዶክተሯ በር አንገታቸውን አስግገዋል። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግኩት።

ሦስቱም ከኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው በመስመር ቆመዋል። ዶክተሯ ወንበር በሁለት እጇ ይዛ ጠረጴዛዋን ዞራ መጥታለች።

«ኧረ አባቶቼ ተቀመጡ፣ በእናታችሁ!»

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ ትልቁ። «ጉዳይ ይዘን ነው። የልጃችን ዕጢ ባሕር ማዶ ተልኳል አሉን፤ ውጤቱ ወዳንቺ ነው የሚመጣው አሉን። ልጅቷ እንግዲህ አፏ ክፉ ነው። እኛም እናውቃለን። ልቧ ግን ደግ ነው።»

«ደግ ናት» አሉ ሀጂ፣ ብዙም ሳያምኑበት።

«እና ውጤቱን እንድታለዝቢልን ነው የመጣነው።»

ዶክተሯ ወንበሩን መሬት አስነካችው። «አባቴ፣ ውጤቱን የማወጣው እኔ እኮ አይደለሁም። ውጭ አገር ያለ ላቦራቶሪ ነው።»

«እነሱም ጋ እንሄድ ነበር» አሉ ሀጂ፣ «ቪዛው ነው።»

መቼም ይቺ ሴት ትዕግሥት አላት። እስክሪብቶዎቿን አነሳች፤ ለእኔ ያስረዳችኝን ሁሉ ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው። ቀዩ ይኸው፣ አረንጓዴው ይኸው። ሽማግሌዎቹ ከእስክሪብቶዎቹ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዳመጡ። ስትጨርስ ትልቁ ቀስ ብለው ጠየቋት።

«ማን ነው ያጣላቸው?»

«አልተጣሉም አባቴ፣ ቀለም ናቸው።»

«ከመጀመሪያው አብረው ነበሩ አላልሽም?»

«ነበሩ።»

«አሁን ተለያዩ?»

«ያንን ነው የምናየው። ቢለያዩ ነው ጥሩው።»

ትልቁ ሽማግሌ አዘኑላት። ትዳር ያልገባት ልጅ እንደሚያዩ አድርገው አዩዋት። «ልጄ፣ አንቺ ገና ወጣት ነሽ» አሏት። «መለያየት ጥሩ ሆኖ አያውቅም።»

«በሳይንሱ…» ብለው ጀመሩ መምህሩ።

«ቆይ መምህር፣ የሰው ጉዳይ ነው» አሏቸው ትልቁ።

ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ «ዶክተር፣ እሺ በያቸው ባክሽ፣ ረፈደ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ዶክተሯ ሰዓቷን አየች፣ ወረፋውን አየች፣ የትልቁን ሽማግሌ የሚንቀጠቀጥ ጉልበት አየች። ጉልበታቸውን ሆን ብለው እንደሚያንቀጠቅጡት እኔ አውቃለሁ፤ ለዳይሬክተሩም አንቀጥቅጠውለታል።

«እሺ» አለች። «እሺ አባቶቼ፣ እሺ ብያለሁ፣ ብቻ ተቀመጡልኝ!»

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ቁጭ አሉ። «ተባረኪ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ» ተጀመረ፤ ወረፋው ሁሉ ከውጭ «አሜን» አለ።

«ምኑን ነው እሺ ያሉት?» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ። ማንም አልሰማኝም፤ አሜኑ በላው።

ማታ ቤት ስንገባ አባቴን ያዝኩት።

«አባዬ፣ ምን ማድረግህ ነው? ይሄ እኮ የውሻ ጉዳይ አይደለም!»

«እሺ ብላለች» አለኝ፤ ደስ ብሎታል።

«ማለቴ፣ ምርመራ እኮ ነው! ሽማግሌ ሰምቶ አይለወጥም። ወይም ከተለወጠ ውሸት ነው። ውሸት ከሆነ ደግሞ መቆረጥ የነበረብኝ ሳልቆረጥ ልቀር ነው። ገባህ?»

ጫማውን አወለቀ። ከዚያ «ሰው ለራሱ ሲለምን ይፈራል» አለ። «እኔ ያንቺን ነገር ለማንም አፍ አውጥቼ መለመን አልቻልኩም። ጀምሬ ያቅተኛል። ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

እራት አቀረብኩ።

ውጤቱ እስኪመጣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ግን የግማሽ ፊት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ደንበኛ ሳይኖር ቀኝ ጉንጬን በእጄ ወደ ታች ጎትቼ ይዤ፣ በስልኬ ካሜራ እያየሁ በቀሪው ግማሽ መቆጣት ተለማመድኩ። አይሆንም። ያስለቅሳል እንጂ አያስፈራም። አንድ ቀን እውነተኛ ደንበኛ ላይ ሞከርኩት፤ ያንኑ መታወቂያ ኮፒ ደጋግሞ እያሠራ ጠርዙ ጠፋ የሚል ሰውዬ ነው። ጉንጬን ይዤ «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አልኩት። አዘነልኝ። «ጥርስ ነው? ቅርንፉድ ያዢበት፣ ወዲያው ይለቅሻል» አለኝ፤ ከሰዓት በኋላ በወረቀት የተጠቀለለ ቅርንፉድ ይዞልኝ መጣ። የዚያን ቀን ነው በትክክል የፈራሁት። ሰው ሁሉ እንዲህ ሊያዝንልኝ ከሆነ እኔ አልችለውም።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ ነገሩ ያለቀ ሆኗል። ትልቁ ሽማግሌ በራፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ባለፍኩ ቁጥር «አይዞሽ፣ እሺ ብላናለች» ይሉኛል።

ከዚያ ዶክተሯ ደወለች። እኔ ላሚኔት ማሽኑ ላይ ነበርኩ።

«ውጤቱ መጥቷል» አለች። «ጥሩ ነው። ነይና እንነጋገር።»

ጥሩ ነው። ሌላ ሰው ይሄን ሲሰማ ይዘላል። እኔ የሰው ዲፕሎማ ማሽኑ ውስጥ ተጨማድዶ እስኪነከስ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱም ይሄን ቃል አውቀዋለሁ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በየቀኑ እጠይቃለሁ፤ በየቀኑ «ደህና ናት፣ ጥሩ ነው» እባላለሁ። አባቴ ይለኛል፣ አክስቴ ትለኛለች፣ ትልቁ ሽማግሌም ብለውኛል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጅ ናት፣ ትማር፣ አትረበሽ ብለው ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃችን ድንኳን ተተክሏል። ከሩቅ ሳየው የጎረቤት ሠርግ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው «ጥሩ ነው» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ደጁን ነው።

አሁን ደግሞ ይቺ ዶክተር ሦስት ሽማግሌ ፊት እሺ ብላለች።

ለባለ ዲፕሎማው «ይቅርታ፣ ኦሪጅናሉ አለህ አይደል?» አልኩት። «ይሄው ነው ኦሪጅናሉ» አለኝ። የእሱን ጣጣ ሌላ ጊዜ አወራዋለሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሊፍቱ እንደለመደው አይሠራም፤ በደረጃ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ አባቴና ሦስቱ ሽማግሌዎች ቀድመውኝ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ዶክተሯ ለአባቴም ደውላለች ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ለምስጋና ነው የመጡት፤ ውጤቱን ለመስማት አይደለም፣ እሱን ያውቁታል። ምንም ሳልላቸው አልፌ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«ነይ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ተቀመጪ» አለችኝ ዶክተሯ።

«አልቀመጥም።»

«ለምን?»

«እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «አንቺም?»

«እኔም። ጥሩ ነው ያሉኝ እውነት ነው ወይስ የሽማግሌ ነው?»

ፊቷ ተለወጠ። ተቆጣች ብዬ ነበር፤ ግን የደከማት ነው የምትመስለው። «ያን ቀን እሺ ያልኩት እንዲቀመጡልኝ ነው» አለች። «ሌላ ምን ማለት እችል ነበር?»

«እኮ። ዛሬስ ጥሩ ነው ያሉት እንድቀመጥ ይሆን?»

«መጥፎ ቢሆን ኖሮ እነግርሽ ነበር።»

«ለእነሱስ?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ውጤቱ እስኪመጣ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም። መጥፎ ቢመጣ ለአንቺ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ራስሽ አፍ አለሽ። ለእነሱ እንዴት ብዬ እላለሁ እያልኩ ነበር የምጨነቀው።»

ይሄን ስትለኝ ትንሽ አመንኳት። ግን ትንሽ ማመን አልበቃኝም።

«ሥዕሉን ያሳዩኝ» አልኳት። «ቀለሞቹን። ከላቦራቶሪው ይላካል አይደል? እኔ በዓይኔ ልይ።»

«ሐኪም ሳትሆኚ ምን…»

«ቀይና አረንጓዴ መለየት አያቅተኝም። ቀኑን ሙሉ የቀለም ፕሪንተር ላይ ነው የምውለው። እሺ ይበሉኝ።»

በሩን አየች። ከውጭ የሀጂ ሳል ይሰማል። «እሺ» አለችና ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው።

ጥቁር ነው ጠቅላላው። ጥቁሩ ላይ ሰማያዊ ድንች የመሳሰሉ ነገሮች ተበታትነዋል። «እያንዳንዷ የዕጢሽ ሴል ናት» አለችኝ። በየድንቹ ውስጥ ደቃቅ ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች አሉ፤ ሚጥሚጣና የቃሪያ ፍቅፋቂ የተነሰነሰባቸው ነው የሚመስሉት። ይሄ ነው እንግዲህ በሻርፕ የታሰረው፣ ጥርሴን ያስነቀለው። ጎንበስ ብዬ አንዷን ድንች መረጥኩ። ቀይና አረንጓዴ ነጥብ እንደ መንታ ተለጥፈዋል።

«ተጣብቀዋል» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ይኸው፣ ተጣብቀዋል! ዋሽተውኛል!»

«ቆይ…»

«ምን ቆይ አለው? በዓይኔ እያየሁት!»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ!» ጠረጴዛውን መታችው። እንደዚህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፤ ውጭ ያለው ሳልም ቆመ። «ሰው እያንዳንዱን ጂን ሁለት ሁለት ነው ያለው። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ያየሽው ጤነኛው ነው፤ እሱ እንደተጣበቀ ነው የሚኖረው። እዚያው ሴል ውስጥ ሌላውን ፈልጊው።»

ፈለግኩት። ድንቹ አንዱ ዳር ላይ ቀይ ነጥብ ብቻዋን ተቀምጣለች። አረንጓዴዋ ማዶ ናት፤ ተጣልታ ወላጆቿ ቤት እንደገባች ሴት ጥጓን ይዛለች።

«ሌላ ያሳዩኝ።»

አሳየችኝ። አንድ ተጣብቆ፣ አንድ ተለያይቶ። ሌላ። እንደዚያው። በአንዳንዱ ድንች ውስጥ ሁሉም እንደተጣበቁ ናቸው፤ እሱንም ጠየቅኳት፤ «ሁሉም ዕጢ አይደለም፣ በመሀል ጤነኛ ሴልም አለ» አለችኝ። ሌላ ምስል ከፈተች። እዚያም ተለያይተዋል። ምስሉን አሳደግኩት፣ አሳነስኩት፣ እሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ።

«ውጤት ልለውጥ ብል እንኳ» አለች፣ «እነዚህን ሁሉ ነጥቦች ማን ያንቀሳቅስልኛል?»

«እና አልቆረጥም?»

«አሁን አትቆረጪም። በየጊዜው እየመጣሽ ትታያለሽ፣ ለዓመታት። ከአንድም ቀጠሮ አትቀሪም። ትንበያ ነው ብዬሻለሁ፤ ቃል ኪዳን አይደለም። ግን ጥሩ ትንበያ ነው።»

ቀኝ ጉንጬን ነካሁት። ጠባሳው አሁንም ይቆረቁራል። አፌን ወደ ቀኝ ጎተትኩት፣ ወደ ግራ ጎተትኩት፤ ይታዘዛል። ዶክተሯ እያየችኝ እሷም ሳታውቀው አፏን ጎተተች። ጉልበቴ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሆን ብዬ አይደለም።

«እሺ ብዬሻለሁ፤ አሁንስ አትቀመጪም?» አለችኝ።

«ሥራ አለብኝ» አልኳትና በሩን ከፈትኩት።

አራቱም ተነሥተው ቆመዋል። አባቴ መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ አስፋልቱ ያያል። ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጡ።

«እህ? ታረቁ?»

«ተለያዩ» አልኳቸው።

እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ ልጄን!»

«ኧረ ጥሩ ነው አባቴ!» አለች ዶክተሯ ከኋላዬ ብቅ ብላ። «መለያየታቸው ነው ጥሩው፤ ያን ቀንም ነግሬያችሁ ነበር! አትቆረጥም። ለስላሳው ዓይነት ነው።»

የአባቴ ትከሻ ወረደ። ፊቱን አላዞረም፤ መስኮቱን በመዳፉ ብቻ ደገፈው።

«ዶክተር» አሉ ትልቁ፣ «እኛ እኮ እንዲታረቁ ነበር ስንጸልይ የከረምነው!»

«እኔም ዱዓ አድርጌያለሁ» አሉ ሀጂ ግራ ገብቷቸው። «ታዲያ ደግ የሆነው ስላልተሰማን ነው?»

«በሳይንሱ…» አሉ መምህሩ።

«በሳይንሱ ምን? ለመሆኑ አንተ መምህር፣ ያን ቀን ገብቶህ ነበር?»

«ገብቶኛል እንጂ!»

«ታዲያ ስንሳሳት ዝም ብለህ ትጸልያለህ?»

«ቆይ መምህር ብለው ያስቆሙኝ እርስዎ አይደሉም?»

ዶክተሯ ወንበር ልታመጣላቸው ዞረች። ሦስቱም በአንድ ድምፅ፣ ነገሩ በግልጽ ካልተብራራላቸው እንደማይቀመጡ ነገሯት። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

«አንቺ!» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «የት ነው? ነይ፣ ቁጭ በይና በሥርዓት ንገሪን!»

መስኮቱ ጋ ሄጄ የአባቴን ኮሌታ አስተካከልኩለት። ከዚያ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ደረጃውን ወረድኩ።